የሙሄ መኪና ጎሚኒ

ጡረታ ስወጣ በተሰጠኝ ደብዳቤ ላይ የሥራ መደቤ «የጽዳት ሠራተኛ» ይላል። ጽዳት ነውር አይደለም፤ ወለል ጠርጌ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ግን ከሃያ ዓመት በላይ የመኪና መስታወት ሳወጣና ስገጥም፣ ያረጀ ጎሚኒ ስቀይር የኖርኩት እኔ ነኝ። ጎሚኒ የምለው መስታወቱን ከላሜራው ጋር አቅፎ የሚይዘውን፣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጥቁር የላስቲክ ጠርዝ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በክረምት የሚመላለስ አሮጌ ፒክአፕ ሹፌሩ እግሩ ሳይረጥብ ከደረሰ፣ የእኔ እጅ አለበት። ይህን ሹፌሮቹ ያውቃሉ፤ ወረቀቱ አያውቅም።

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ንዴቴ ስለ ደብዳቤው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እቤቴ ቁጭ ብዬ እረሳው ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ በአንድ አነስተኛ የፈትል ፋብሪካ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የተበጠሰ ክር እቀጥላለሁ። ጣቶቼ ያኔ ነው ዓይን ያወጡት፤ ሳላይ በመዳበስ ብቻ ክሩ የት እንደሳሳ አውቅ ነበር። የኛ ክፍል ሲዘጋ ደሴ ወጣሁና ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ በጽዳት ተቀጠርኩ። መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎቹን ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚያመላልስባቸው ፒክአፖች ነበሩት፤ ሁሉም ያረጁ፣ ሁሉም የሚያፈሱ። ክረምት ሲገባ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ሲተኛ፣ በየጠዋቱ ሥራዬ የየጋቢናውን ምንጣፍ እያወጡ መጭመቅ ነበር።

የመስታወትና የጎሚኒ ባለሙያው ጋሽ እንድሪስ ይባል ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከማንም ጋር የማይቀልድ ሰው ነው። ሁለት መካኒኮች አንዲት ሰማያዊ ፒክአፕ ይዘው ሁለት ቀን ሙሉ የበር ጎሚኒ ሲቀያይሩ ቆዩ፤ ውሃው ግን አልቆመም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ እንድሪስ መጥረጊያዬን ይዤ ስሄድ አስቆመኝ።

«መዲና፣ የዚችን መኪና ውሃ ከየት በኩል ነው የምትጨምቂው?»

«ከሹፌሩ እግር ሥር ነው ጋሼ። ምንጣፉን ሳነሣው ከግራ ጥግ ይጀምራል። ግን ከበሩ አይደለም።»

«ከበሩ እንዳልሆነ በምን አወቅሽ?»

«የበር ውሃ ጭቃ አለው። ይሄ ንጹሕ ነው፤ ደግሞ ዝገት ዝገት ይሸታል።»

የፊት መስታወቱን አወጣው። በግራ በኩል፣ ከጎሚኒው ሥር ላሜራው በዝገት ተበልቶ ጣት ያስገባ ነበር። መካኒኮቹን ሳይሆን እኔን ጠርቶ አሳየኝ። «ነገ ጠረጋሽን ስትጨርሺ እኔ ጋ ነይ» አለኝ።

እንዲህ ነው የገባሁበት።

ጋሽ እንድሪስ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ጥፍሩን ከሥጋው እኩል አድርጎ ይቆርጥ ነበር። ለሶላቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። «ጥፍር ጎሚኒ ይቀዳል፤ ዛሬ የቀዳሽው ከሁለት ክረምት በኋላ ይከፈታል» አለኝና የእኔንም አስቆረጠኝ። ካቻቢቴ ጎሚኒ አጠገብ እንዲደርስ አይፈቅድም። በካቻቢቴ ፈንታ ከወይራ እንጨት የጠረበው፣ ጫፉ እንደ ምላስ የለሰለሰ መሣሪያ ነበረው። ግራሶ የነካ እጅ ይዞ የመጣ ሰው ሳይታጠብ አያስጠጋም፤ ዘይት ላስቲክ ይበላል። የሚያስነካው የሳሙና ውሃ ብቻ ነው። በደሴ ብርድ አዲስ ጎሚኒ እንደ ዱላ ድርቅ ስለሚል፣ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቅና ቆርቆሮ ላይ ዘርግቶ ያሞቀዋል። ኃላፊዎች «ቶሎ በል» ሲሉት «ለፀሐይዋ ንገሯት» ይላቸው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። አሮጌው ጎሚኒ ሲወጣ የላሜራው ከንፈር ዙሪያውን ይታያል። ዝገት ካለ ብረት እስኪያበራ ይፋቃል፤ የተበሳ ካለ ተቆርጦ ይበየዳል፤ ቀለም ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል። አዲሱን ጎሚኒ መጀመሪያ መስታወቱን ታለብሺዋለሽ። በውጭኛው ቦይ ውስጥ ቀጭን የናይለን ገመድ ዙሪያውን ትቀብሪና ሁለቱን ጫፎች ከታች መሀል ላይ አሻግረሽ ወደ ጋቢናው ውስጥ ትለቂያቸዋለሽ። ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ መስታወቱን በመዳፉ ይጫናል፣ አንዱ ከውስጥ ገመዱን ይስባል። ገመዱ ሲወጣ የጎሚኒውን ከንፈር ላሜራው ላይ እያነሣ ያስቀምጠዋል። ጥግ ላይ ስትደርሺ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። እዚያ የቸኮለ ከንፈሩን ይቀደዋል።

ካለቀ በኋላ ሌላ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጋሽ እንድሪስ ግን የዳሽቦርዱን ጠርዝ ዙሪያውን የጠመኔ ዱቄት ይነሰንስበትና በሩን ዘግቶ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ከውጭ ጣሪያው ላይ አሥር ባልዲ ውሃ አፈስሳለሁ። ዱቄቱ አንዲት ቦታ ላይ እንኳ ከጠቆረ መስታወቱ እንደገና ይወጣል። አንድ ቀን ደክሞኝ «ጋሼ፣ ትንሽ ናት እኮ፣ ትለፍ» አልኩት።

«ትንሽ ያልሽው ለአንቺ ነው» አለኝ። «ሰውየው ሐረጎ ዳገት ላይ ሲደርስ ነው ትልቅ የሚሆነው። ይሄ አማና ነው፣ አደራ ነው መዲና።»

የመጀመሪያውን መስታወት ብቻዬን የገጠምኩ ጊዜ በሥራ ካርዱ ላይ የሁለታችንንም ስም ጻፈ። ቢሮው የእኔን በቀይ ሰርዞ መለሰው። ጽዳት በሥራ ካርድ ላይ አይጻፍም ተባለ። እንደገና ጻፈ፣ እንደገና ሰረዙ። እኔ ነኝ «ተወው ጋሼ» ያልኩት። ዛሬ በዚያ ቃል ራሴን እረግማለሁ።

ጋሽ እንድሪስ ጡረታ ወጥቶ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ ወደ አገሩ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፣ አላህ ይማረው። የወይራ መሣሪያውን ለእኔ ትቶልኛል። ጋራዡ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ አዲስ ኃላፊም መጣ፣ አቶ ጀማል። ለጋሽ እንድሪስ ቦታ ሰው አልቀጠረም። ምን አስቸኮለው? እኔ አለሁ። በጽዳት ደሞዝ ጠዋት ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት መስታወት እገጥማለሁ። ካርዱ ላይ «በጋራዡ ተሠራ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዴ ካርድም አይከፈትም።

ኮምቦልቻ ሌላ አመል አላት። እዚያ ጎሚኒ የሚገድለው ፀሐዩና አቧራው ነው፤ ይነጣል፣ እንደ ተረከዝ ይሰነጣጠቃል። የበሩ መስታወት የሚወጣና የሚወርድበት ቦይ አሸዋ ይሞላና መስታወቱን ይጭረዋል። በሩ ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ይደፈኑና በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። ሁሉንም በጣቴ ነበር የማውቀው። ዛሬ በየመንገዱ ዳር ሲሊኮን ማጣበቂያ እየቀቡ «ተሠራ» ብለው የሚሸኙትን ሳይ ደሜ ይፈላል። ግን በነሱ ላይ አፌን ልከፍት መብት የለኝም። አሁን የምነግራችሁ ምክንያቱን ነው።

ሙሄ የሚባል ሹፌር ነበረን። ሳቂታ፣ መኪናውን እንደ ልጁ የሚያጥብ ሰው ነበር። የሚነዳት ነጭ ደብል ጋቢና ከሁላችንም በላይ ያረጀች ነበረች። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ወደ እኔ መጣ።

«እት መዲና፣ ዣንጥላ ይዤ ልንዳ እንዴ? ውሃው ጉልበቴ ላይ ነው የሚንጠባጠበው።»

መስታወቱን አወጣሁት። በግራው ጥግ ላሜራው በስብሶ ሦስት ቦታ ተበስቷል። ቢያንስ የሁለት ቀን ሥራ ነው። አቶ ጀማል ግን መኪናዋ ያንኑ ቀን ከሰዓት ደሴ ወጥታ እንግዶች ማምጣት እንዳለባት ነገረኝ። ጎሚኒም ገዝቶ መጥቷል፤ ለመኪናዋ የተሠራ ሳይሆን በሜትር የሚቆረጥ፣ ቦዩ የሰፋ።

«አቶ ጀማል፣ ይሄ መስታወቱን አያቅፈውም። ሥሩም በስብሷል፣ ይበየድ» አልኩት።

«ሲሊኮን ሙይበት።»

«ሲሊኮን ዝገት ላይ አይዝም እኮ። ዝናብ ላይ...»

«አንቺ ሴትዮ» አለኝ፣ መካኒኮቹ እየሰሙ። «መጥረጊያ እንጂ ዲግሪ ይዘሽ አልመጣሽም። የምትሠሪ ከሆነ ሥሪ፤ ካልሆነ ወለሉን የሚጠርግ ሌላ ሰው አላጣም።»

ሠራሁት። ማንም እጄን አልጠመዘዘም። የተበሳውን በሲሊኮን ደፈንኩት፣ የሰፋውን ጎሚኒ አለበስኩት፣ ከውጭ መስታወቱን በመዳፉ የተጫነልኝም ራሱ ሙሄ ነው። ገመዱን ስስብ ጎሚኒው ልል መሆኑን ጣቴ ነግሮኛል። የጠመኔ ዱቄቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ አላፈሰስኩም። ለምን? ብፈትሽ እንደሚያፈስ አውቃለሁ፣ ከዚያ እንደገና አቶ ጀማል ፊት ልቆም ነው። ሙሄ «ጨረስሽ?» ሲለኝ «ጨርሻለሁ፣ በሰላም ግባ» አልኩት። «ጠንቀቅ በል» ማለት እንኳ አቃተኝ።

ሐረጎን ሲወጣ ኃይለኛ ዝናብ ያዘው። ውሃው በግራው ጥግ ገብቶ ከዳሽቦርዱ ሥር ፊውዞቹ ላይ ወረደ። የዝናብ መጥረጊያው ቀጥ አለ። በጉም ውስጥ፣ በተሸፈነ መስታወት፣ ከላይ የጭነት መኪና ሲወርድበት ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ጠመዘዘ። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ደቀቀ፤ ሦስት ጊዜ ተቀዶ ብረት ገባበት፣ እስከ ዛሬ አይታጠፍም።

መኪናዋን ጎትተው አመጧት። አቶ ጀማል ጠራኝና «ኮሚቴ ሳይመጣ እጠቢያት። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውንም ላጪው» አለኝ። ሲሊኮኑ ከጥጉ ተላቆ እንደ ምላስ ወጥቶ ነበር። ምንጣፉን አነሣሁት። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ዝገት ዝገት ይሸታል። ጨመቅኩት። ሲሊኮኑን ላጥኩ፣ ዳሽቦርዱን አደረቅሁ፣ የሙሄን ደም ከመሪው ላይ ጠረግሁ። እያለቀስኩ ነው ያጠብኳት። ግን አጠብኳት።

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ካርድ ጠየቁ፤ የለም። አቶ ጀማል «በመስታወቱ ላይ የተሠራ ሥራ የለም፤ ሹፌሩ ፈጥኖ ነው» አላቸው። እኔ ባልዲዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንዳቸውም ወደ እኔ ዞር አላሉም፤ የጽዳት ሠራተኛን ስለ መስታወት ማን ይጠይቃል? አፌን ብከፍት ይሰሙኝ ነበር። አልከፈትኩም። ሙሄ በግዴለሽነት የመንግሥት ንብረት አጥፍቷል ተብሎ ከሆስፒታል ሳይወጣ ተባረረ።

አሥር ክረምት አለፈ። ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ ምርኩዙን ሳይ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ዘንድሮ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ዳቦ ቆርሶ አሰናበተን። አቶ ጀማል አድጎ ደሴ ነው ያለው፤ ሊመርቀን ወረደ። «ወይዘሮ መዲና ጋራዡን እንደ ቤቷ አጽድታ ይዛለች» አለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ወደ አዲሶቹ ሹፌሮች ዞሮ «እናንተም ከሷ ተማሩ። ቀድሞ አንድ ግዴለሽ ሹፌር ነበረን፣ ዝናብ ላይ ሲፈነጭ መኪናውንም እግሩንም አጥቶ ቀረ» ብሎ ሳቀ። ሹፌሮቹም ሳቁ። የተሰጠኝ ሻርፕ እጄ ላይ ነበር። አስቀምጬው ወጣሁ። በኋላ ሲገባኝ ያናደደኝ የሱ መሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ልናገር የቆረጥኩት የሚነጥቀኝ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ቦርከና ወንዝ ዳር ሙሄ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ዘሀራ ከፋብሪካ ፈረቃ ገና መግባቷ ነበር፤ ቤቱን ለአሥር ዓመት የያዘችው እሷ ናት። ሙሄ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

«አሰላሙ አለይኩም ሙሄ። አፉ በለኝ» አልኩት፣ ቆሜ። «ጎሚኒውን እኔ ነኝ የገጠምኩት። በስብሶ እንደነበር አውቄያለሁ። ሳልፈትሸው ነው የሰጠሁህ። ያጠብኳትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እት መዲና። መስታወቱን የያዝኩልሽ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ስሜን አልጠራህም?»

«ብጠራው አንቺን ሊያባርሩሽ ነው። እግሬን አይመልሱልኝ።» ምርኩዙን ወደ ጎን አስጠጋና «ደግሞ ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር» አለ። «መጀመሪያ ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ ወር ጠበቅሁ። ከዚያ ተውኩት።»

ዘሀራ ከውስጥ ሰምታለች። ወጣች።

«እሱ ይተው፤ እኔ አልተውም!» አለች። «አሥር ዓመት ልጆቼ የግዴለሽ ልጆች ተብለዋል። እኔ ራሴ፣ ባሌን የማምን ሴት፣ አንዳንድ ቀን ‹ፈጥነህ ይሆን?› ብዬ ጠይቄዋለሁ! በአላህ፣ ይሄን ያስጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን አፉ በለኝ ብለሽ ልትሄጂ?»

«አልሄድም። ወረቀት ስጪኝ» አልኳት። ስምንተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ እዚያው ቁጭ ብዬ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ሦስቱን ቀዳዳ፣ በሜትር የተገዛውን ጎሚኒ፣ ሲሊኮኑን፣ ማጠቤን፣ ማን ምን እንዳለኝ። ፈረምኩ።

ከዚያ ከዘሀራ ጋር ሰኞ ሰኞ ደሴ መውጣት ጀመርን። ፋይሉ ተዘግቷል አሉን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው አሉን። ወረቀቱን ገቢ አድርገው ማኅተም ለማኖር ሦስት ሰኞ ፈጀባቸው። መንገድ ላይ ዘሀራ አታናግረኝም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሷ በመስኮት ነው የምታየው። በአምስተኛው ጊዜ አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው አነበበው።

«እናቴ፣ ይሄ እርስዎንም ያስጠይቃል፤ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ልጆቼን፣ ቤት ኪራዩን፣ የአቶ ጀማልን ዛቻ። ዘሀራ ትክ ብላ አየችኝ።

«ፈርቼ» አልኩት።

ወጣቱ ብዕሩን ይዞ አመነታ። «በሥራ ጫና ምክንያት ልበለው?»

«ፈርቼ ነው ያለችው» አለች ዘሀራ። «እንዳለችው ጻፈው።»

ጻፈው። ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጉልበቴ እንደሚያመኝ አይታ ነው መሰለኝ። አሁንም አላናገረችኝም።

በአራተኛው ወር ደብዳቤው መጣ። ሙሄ ጥፋተኛ አልነበረም ይላል። መባረሩ ተሽሯል፤ በጤና ምክንያት በክብር እንደተሰናበተ ይቆጠራል። አደጋው የደረሰው «በቴክኒክ ጉድለት» ነው። ሙሄ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ትልቁ ልጁ ተቀብሎት ጨረሰለት። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ዘሀራ ደብዳቤውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ቴክኒክ ማን ነው?»

«ምን?» አላት ሙሄ።

«እግርህን የሰበረው ቴክኒክ የሚባል ሰው ነው? የማን ልጅ ነው? የት ነው የሚኖረው? የጀማል ስም የታለ እዚህ ላይ? የሷስ ስም የታለ?» ብላ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ተይ አቦ ዘሀራ። ስሜ ነጽቷል፤ ለእኔ ይበቃኛል።»

«ለአንተ ይብቃህ።» ወደ እኔ ዞረች። ቤታቸው ከገባሁበት ቀን ጀምሮ በሰላም ስታናግረኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው። «ለአንቺስ? ይበቃሻል?»

«አይበቃኝም» አልኳት።

«እንግዲያው ስም ያለበት ደብዳቤ እናምጣ» ብላ ሻሿን አጠባብቃ አሰረች። ደብዳቤውን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደሴ፣ ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ዘሀራ ቀድማ ገባችና ከጎኗ ቦታ ያዘችልኝ።